እንደ መሳቢያ የሚወጣው ክፍል

ሰሞኑን የጠፋሁት እዚህ አሜሪካ የአንድ ጋሼ ሞተርሆም ስጠግን ነው። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው ነው የገቡበት፤ ወለሉ ከሄደ መግቢያ የላቸውም።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና መነሻውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እዚህ መንገዱ የሚፈቅደው የመኪና ስፋት 2.6 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የኢንዲያናው ኒውማር፣ መኪናው ሲቆም እንደ መሳቢያ ከጎን የሚወጣ ክፍል (ስላይድ-አውት ይሉታል) አመጣ፤ ሳሎን ሰፋ። ግን ግድግዳው ተቀደደ፤ ዝናብ የሚመልሰው የጎማ ማሸጊያ ብቻ ሆነ።

የጋሼም ጎማ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃው የወለሉን ኮምፔንሳቶ ከጠርዙ ጀምሮ አበስብሶታል። ካቻቢቴ ስወጋበት ዳቦ የወጋሁ መሰለኝ! መጀመሪያ ጎማውን ቀየርኩ፤ አለበለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው። ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቆርጬ፣ አድርቄ፣ አዲሱን በሙጫና በብሎን አሰርኩ። ያበጠውን ግድግዳ ሙጫ ሞልቼ በሳንቃ አጥብቄዋለሁ።

ትናንት ማታ ዘነበ። ጋሼ በባዶ እግራቸው ወለሉን ረገጡና «ደረቅ ነው» አሉኝ።