ተረቢንት፦ የሙጫው ንግድና የመምሬ ጉባኤ

የተረቢንት ዛፍ በታሪክ ውስጥ ሁለት ቦታ ይዞ ይገኛል፤ በነጋዴ ማሰሮና በምእመናን ጉባኤ። ይህ መጣጥፍ ሁለቱም ከዛፉ ተፈጥሮ የመነጩ፣ መጨረሻቸው ግን የተለያየ መሆኑን ያሳያል።

ተረቢንት የፒስታሺዮ ዘመድ ሲሆን ከማንጎና ከቁንዶ በርበሬ ዛፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። በሜዲትራኒያን ዙሪያ በደረቅና ድንጋያማ ኮረብታ ይበቅላል። ተባዕቱና እንስቱ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ክሽክሽ ቅጠሉን ሲወረው የፍየል ቀንድ የመሰለ እባጭ ያወጣል፤ ይህም ታኒን ስላለው ለቆዳ ማልፊያ ውሏል። ግንዱ ሲቆስል የሚፈሰው መዓዛማ ሙጫ ደግሞ ቁስሉን ይደፍናል፤ ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይገታል።

ሰው ይህንኑ ባሕርይ ለራሱ አዋለው። በኢራን ዛግሮስ ተራሮች፣ በሐጂ ፊሩዝ ቴፔ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5400 እስከ 5000 ባለው ዘመን የተሠራ ማሰሮ የወይን ጠጅና የተረቢንት ሙጫ ቅሪት ተገኝቶበታል፤ ሙጫው ጠጁ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይረዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ፣ በኡሉቡሩን የሰጠመችው መርከብ 150 ያህል የከነዓን ማሰሮዎች ጭና ነበር። አብዛኞቹ የያዙት ይህንኑ ሙጫ ሲሆን፣ ጠቅላላ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ይሆናል። አብሮ የተጫነው ቆርቆሮም ያንኑ ያህል ይመዝን ስለነበር፣ ሙጫው ከመርከቧ ዋና ዋና ሸቀጦች አንዱ እንጂ ማሟያ አልነበረም።

ከዛፉ ረጅም ዕድሜ የመነጨው የአምልኮ ታሪክ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው በኬብሮን አጠገብ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፈስ እዚያ ስለነበረ ግዙፍ ተረቢንት ሲጽፍ፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንደቆመ ይነገርለት እንደነበር ያወሳል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደሚተርከው፣ በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና አረማውያን በኬብሮን አቅራቢያ በምትገኘው በመምሬ ለገበያም ለበዓልም ይሰበሰቡ ነበር። አረማውያኑ የአብርሃም ነው በሚባለው ጉድጓድ ዙሪያ መብራት ያበራሉ፤ ወይን ጠጅ ያፈሱበታል፤ ሳንቲም ይጥሉበታል። በበዓሉ ሰሞን ከዚያ ውኃ የሚቀዳ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በስፍራው የነበረው መሠዊያ ፈርሶ ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ አዘዘ። ይሁንና ሶዞሜን ከመቶ ዓመት በኋላ ሲጽፍ በዓሉን በዘመኑም እንደሚከበር አድርጎ ይገልጸዋል።

ቀድሞ ከተረቢንት ሙጫ ይገኝ የነበረው ተርፔንታይን ዛሬ በብዛት የሚገኘው ከፓይን ዛፍ ነው፤ ገበያ የሚፈልገው የሙጫውን ጠባይ እንጂ ዛፉን ስላልነበር ምትክ አላጣም። መምሬ ግን አድባር ነበረች። የሦስት ሃይማኖት ሰዎች የሚሰበሰቡባትን ስፍራ የንጉሥ ትእዛዝ መልኳን ቢለውጥም ጉባኤዋን አልበተነም።