ሃምሳ ሔርዝ በአዋሽ ሸለቆ

ስለ ኤሌክትሪክ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ግድቡና ተርባይኑ ይወሳሉ፤ ኃይሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚወስነው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ይሁን እንጂ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከመረቡ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሞተር ሁሉ የሚታዘዘው ለዚሁ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የሰው ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን የኤ.ኢ.ጂ. ኩባንያ 50 ሔርዝን፣ በአሜሪካ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ 60 ሔርዝን መረጡ። ጃፓን ለቶኪዮ ከጀርመን፣ ለኦሳካ ከአሜሪካ ማመንጫ በመግዛቷ እስከ ዛሬ በሁለት ድግግሞሽ እንደተከፈለች ትኖራለች። በጣሊያንም 42 እና 50 ሔርዝ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

ጣሊያን በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። ካሣው የሚከፈልበትን መንገድ የወሰነው ስምምነት በ1956 ተፈረመ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነበር። በካሣው ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ሲጀምር 43.2 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከእርሱ በታች አዋሽ ሁለተኛ በ1966፣ አዋሽ ሦስተኛ በ1971 እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋዋት ተከተሉ። ጣቢያዎቹ በአንድ መረብ ሲተሳሰሩ በ50 ሔርዝ እኩል መራመድ ግድ ሆነባቸው፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣውም ሁሉ ይህንኑ እርምጃ ወረሰ።

የውርሱ ክብደት የሚታወቀው ለ60 ሔርዝ የተሠራ መሣሪያ ከውጭ ሲገባ ነው። የቮልቴጅ ልዩነት በትራንስፎርመር ይታረቃል፤ የድግግሞሽ ልዩነት ግን በትራንስፎርመር አይታረቅም። አራት ዋልታ ያለው ሞተር የሚከተለው መግነጢሳዊ መስክ በ60 ሔርዝ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር፣ በ50 ሔርዝ የሚዞረው 1,500 ጊዜ ብቻ ነው። ከመረቡ ድግግሞሽ ጊዜ የሚቆጥር የ60 ሔርዝ ሰዓትም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዝግታው ይልቅ የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። ለ220 ቮልትና ለ60 ሔርዝ የተሠራ ማቀዝቀዣ በአዳማ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ቮልቴጁ ስለገጠመ ባለቤቱ አይጠራጠርም። ነገር ግን ድግግሞሹ ሲቀንስ ቮልቴጁ ሳይቀንስ በመቅረቱ በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት በአንድ አምስተኛ ይጨምራል፤ ብረቱ ይጠግባል፣ የሚሳበው ከረንት ያድጋል፣ ጥቅሉም ይሞቃል። የሳዑዲ ዓረቢያ መረብ 60 ሔርዝ ነውና ከዚያ የሚመለሱ ወገኖች ይዘውት የሚመጡት ዕቃ በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይሻል።

መፍትሔውም ከዚሁ ሕግ ይገኛል፤ ቮልቴጁ ከድግግሞሹ ጋር በእኩል መጠን ከቀነሰ ፍሰቱ አይለወጥም። ለ460 ቮልትና ለ60 ሔርዝ የተሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በ50 ሔርዝ የሚሻው 383 ቮልት ያህል ነው፤ ስለሆነም በ380 ቮልት ያለ ችግር ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ይወርዳል። በወፍጮ ቤት የጎደለው ፍጥነት የቺንጋውን መዘውር በመለወጥ ይካካሳል፤ ሞተሩ ግን ከቀነሰው ጉልበቱ በላይ መጫን የለበትም። በመቂና በባቱ እርሻዎች እንዳሉት ባሉ የመስኖ ፓምፖች ላይ ጉዳቱ ይበረታል፤ የሚቀዳው ውኃ ወደ 83 በመቶ ሲወርድ ውኃውን ወደ ላይ የመግፋት አቅሙ ወደ 69 በመቶ ያሽቆለቁላል።

ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ መለወጫ ይህን እስራት አላልቶታል። በ2012 በአዳማ በ51 ሜጋዋት ሥራ የጀመሩት 34 የነፋስ ተርባይኖች ፍጥነታቸው ከነፋሱ ጋር ይለዋወጣል፤ የሚያመነጩት ኃይል በመለወጫው አማካይነት ወደ 50 ሔርዝ ተስተካክሎ ወደ መረቡ ይገባል። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም አዳማን የሚያልፈው በ25 ኪሎቮልትና በ50 ሔርዝ ነው። መሣሪያው ቢራቀቅም መረቡ በዚያው በቆቃ እርምጃ ይጓዛል። ስለዚህ የሙያው ባልደረባ መሣሪያ ከማገናኘቱ በፊት በሞተሩ መግለጫ ሰሌዳ ላይ ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ሔርዙንም ማንበብ ይገባዋል፤ የገጠመ ቮልት ያልገጠመ ሔርዝን ይሸፍናልና።