የመንገደኛ መድኃኒትና የአገሮች ሕግ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

ረዥም መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቁን ሲቋጥር መድኃኒቱንም አብሮ መያዙ የቆየ ልማድ ነው። የራስ ምታት፣ የሳል፣ የእንቅልፍ ማጣት መድኃኒት ከልብስ መኻል ተሸጉጦ ባሕር ይሻገራል። መንገደኛውም መድኃኒቱን ከመድኃኒት መደብር በግልጽ የገዛው በመሆኑ በሌላ አገር የጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ያስከስሰኛል ብሎ አይጠረጥርም። ይሁን እንጂ አንዱ ክኒን በአንድ አገር ፈውስ፣ በሌላው አገር ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ታሪኩን መለስ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በመድኃኒት ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር የተጀመረው በኦፒየም ምክንያት ነው። በ1909 በሻንጋይ የተሰበሰበው ጉባኤ መንገዱን ከከፈተ በኋላ፣ በ1912 በሄግ የተፈረመው ስምምነት ሞርፊን፣ ኮኬይንና ሄሮይን ለሕክምናና ለሕጋዊ ጉዳይ ብቻ እንዲውሉ ደነገገ። በ1925 በጄኔቫ የተደረገው ስምምነት ደግሞ ተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ ካልሰጠ በቀር ጭነቱ ከላኪው አገር እንዳይወጣ የሚያደርግ ሥርዓት አቆመ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እነዚህ ሕጎች የነጋዴውን ሣጥን ለመቆጣጠር የታሰቡ መሆናቸው ነው። መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ድንበር የሚያልፈው በሽተኛ በሕግ አውጪዎቹ ፊት ገና አልቀረበም ነበር።

የቀድሞዎቹን ውሎች አጠቃሎ የተካው በ1961 በኒው ዮርክ የተፈረመው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ነጠላ ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ1965 ተቀብላዋለች። በዚህ ስምምነት ውስጥ የኮዴይን ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኮዴይንን በ1832 ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው ሮቢኬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ስምምነቱ ኮዴይንን በሁለተኛው ሠንጠረዥ ሲያስገባ፣ መጠኑ ዝቅ ብሎ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀመመውን ግን ቁጥጥሩ ላላ ባለው በሦስተኛው ሠንጠረዥ አኖረው። ስለዚህ እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ጥቂት ኮዴይን ያለበትን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛት ተቻለ። ዳሩ ግን የዚሁ ስምምነት 39ኛ አንቀጽ ማናቸውም አገር ከተደነገገው የበለጠ ጥብቅ ሕግ ለማውጣት መብት እንዳለው ይገልጻል። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በዚህ መብት ከተጠቀሙት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ኮዴይን ይዞ የሚገባ መንገደኛ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ታዛለች።

መንገደኛው በግልጽ የተጠቀሰው በ1971 በቪየና በተፈረመው የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ስምምነት ነው። አራተኛው አንቀጽ አገሮች መንገደኞች ለግል የሚሆናቸውን ጥቂት መድኃኒት ይዘው እንዲያልፉ ሊፈቅዱ እንደሚችሉ፣ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱንም ለማረጋገጥ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እንግዲህ ቃሉ «ሊፈቅዱ ይችላሉ» የሚል እንጂ «ይፈቅዳሉ» የሚል አይደለም። የመንገደኛው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በዚህ ስምምነት ከ1912 ጀምሮ የሚጥል በሽታን ለማከም ያገለገለው ፌኖባርቢታል በአራተኛው ሠንጠረዥ ሲመዘገብ፣ ዳያዜፓምና መሰሎቹ ደግሞ በ1984 ተጨምረዋል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1980 ነው።

ከዚህም በላይ የየአገሩ ሕግ የየአገሩን ቁስል ይዞ ይኖራል። ጃፓናዊው ሊቅ ናጋዪ ናጋዮሺ በ1885 ኤፌድሪንን ከዕፅ ለይቶ አወጣ፤ በ1893 ደግሞ ከዚያው ሜታምፌታሚንን ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይኸው ቅመም «ፊሎፖን» በሚል ስም እንደ ድካም ማስወገጃ ተሸጠ። ከጦርነቱ በኋላ ሱሱ በሕዝቡ መኻል ተስፋፍቶ ብዙ ጥፋት ስላደረሰ መንግሥት በ1951 ጠንካራ የአነቃቂ መድኃኒቶች ሕግ አወጣ። በዚህም የተነሣ በአሜሪካ ሐኪሞች ትኩረት ማጣት ለሚያስቸግራቸው የሚያዝዙትን አምፌታሚን፣ ማዘዣ ቢኖርም እንኳ፣ ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው። ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ፕስዩዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒትም እንዲሁ ተከልክሏል። መንገደኛው ለአፍንጫው መታፈን የያዘውን ክኒን የጃፓን ሕግ የሚያየው በዚያ ትዝታ ነው።

የትራማዶል ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1977 በጀርመን ለገበያ የቀረበው ይህ የሕመም ማስታገሻ በዓለም አቀፍ ሠንጠረዦች ሳይገባ ለዐሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ግብፅ ግን ወጣቶቿ በሱሱ ሲጠቁ በማየቷ ቁጥጥሩን በራሷ ሕግ አጠበቀች። በ2017 አንዲት መንገደኛ ይህን ክኒን ይዛ በመግባቷ የሦስት ዓመት እሥራት ተፈርዶባታል። ዓለም አቀፉን ሠንጠረዥ ብቻ አይቶ «ይህ አያስጠይቅም» ማለት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለችግሩ መፍትሔ መፈለጉ አልቀረም። በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን ጉዳዩን አንሥቶ ከመከረበት በኋላ፣ በ2003 በሕክምና ላይ ስላሉ መንገደኞች ለአገሮች መመሪያ የሚሆን ጽሑፍ ወጥቷል። የሼንገን አገሮችም ለ30 ቀን የሚያገለግል የምስክር ወረቀት አዘጋጅተዋል። ሆኖም መመሪያ እንደ ሕግ አያስገድድምና ልዩነቱ ሊጠፋ አልቻለም።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ምን ያስተምረናል? በአገራችን መድኃኒት ከትልቅ ጣሳ ተቆጥሮ በትንሽ የወረቀት ከረጢት የሚታደልበት ጊዜ ብዙ ነው። ፌኖባርቢታል የምትወስድ አንዲት ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ስትጓዝ ስም ያልተጻፈበት ከረጢት ይዛ ብትሄድ ምን ትሆናለች? ለመርማሪው ነጭ ክኒን ከመሆን በቀር የሚናገርላት ነገር የለም። ፈርታ ጥላው ብትሄድ ደግሞ መድኃኒቱ በድንገት በመቋረጡ ሕመሙ በርትቶ ሊነሣባትና ሕይወቷን ሊያሰጋ ይችላል። ሕጉንም ሕመሙንም የምታውቅ እርሷ ሳትሆን እኛ ነን።

ስለዚህ መድኃኒት ስናድል «ጉዞ አለብዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሥራችን ክፍል ሊሆን ይገባዋል። የመድኃኒቱን የወል ስም፣ ጥንካሬውን፣ መጠኑንና የበሽተኛውን ስም በግልጽ መጻፍ፣ የሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንዲያዝ ማሳሰብ፣ ከጉዞው ጊዜ ያለፈ ብዛት እንዳይያዝ መምከር፣ ከሁሉም በፊት የሚሄዱበትንና የሚያልፉበትን አገር ሕግ ከኤምባሲው ጠይቀው ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀድመው እንዲያወጡ ማስረዳት ይኖርብናል። የሌላ ሰው አደራ መድኃኒት አለመቀበልም የዚሁ ምክር አካል ነው።

ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ይባላል። ለበሽተኛው ይህ አባባል የከበደ ነው። ለእኛ ግን ሸክሙን ልናቃልልለት የምንችልበት አጋጣሚ በየዕለቱ በመስኮታችን በኩል ይመጣል።