መብራት ኃይል የማን ነው? ከቆቃ እስከ ኡሜሜ

ለዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲጠይቀኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንደምጽፍ ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ ግን ስለ መብራት ልጽፍ ወሰንኩ። በየስብሰባችን ቡና ሲፈላ ይኸው ክርክር ይነሳል። «መብራት ኃይል ይሸጥና እንገላገል» የሚል አለ፤ «የድሃ አገር መብራት ለነጋዴ አይሰጥም» የሚልም አለ። መሐንዲሱም፣ ኢኮኖሚስቱም፣ የሕግ ባለሙያውም መሐላችን ስላሉ ክርክሩ ይደምቃል። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ብዙዎቻችን መብራት የመንግሥት የሆነው በደርግ ዘመን ይመስለናል። አይደለም። መብራት ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጀነሬተር ነው። በወረራው ዘመን ኮኒየል የተባለ የጣልያን ኩባንያ ሥራውን ያዘ። ጣልያን ሲባረር ንብረቱ በጠላት ንብረት አስተዳደር ሥር ገባ፤ ከዚያም ውስጥ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ድርጅት ወጣ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በቻርተር የተቋቋመው የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን መጣ። ስለዚህ መብራት ኃይል የመንግሥት የሆነው በርዕዮተ ዓለም ምክንያት ሳይሆን፣ ከጠላት የተረከበውን ንብረት የሚያስተዳድር ሌላ አካል ስላልነበረ ነው።

ያ ተቋም ቦርድ ነበረው፤ የራሱን ገቢ ሰብስቦ የራሱን ወጪ ይሸፍናል ተብሎም ይጠበቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ 43 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጨው፣ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠራ። ቀጥለው ለመጡት ለአዋሽ 2፣ ለአዋሽ 3 እና ለፊንጫ የዓለም ባንክ ገንዘብ አበደረ። አበዳሪ ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ታሪፉ ወጪውን ይሸፍናል ወይ፣ ቆጣሪው ይነበባል ወይ ይላል።

በ1989 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ተባለ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ መካድ አይቻልም። ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ፣ ጊቤ 3 ተከታትለው መጡ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ጎን ለጎን ግን ሌላ ልማድ አደገ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር ኤሌክትሪክ ዘመቻ «ሽፋን» የሚባለው ቁጥር የሚለካው ምሰሶ በደረሰባቸው ከተሞችና ቀበሌዎች ነበር። መስመሩ በደጁ ያለፈ፣ ቆጣሪ ግን የሌለው ሰው ሁሉ «መብራት አግኝቷል» ተብሎ ይቆጠራል። ለሪፖርት ያምራል፤ ለማታ ጥናት ግን አይሆንም።

ታሪፉም ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆየ። በነዚያ ዓመታት የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። የመብራትን ዋጋ መጨመር የፖለቲካ ውሳኔ ስለነበር ማንም ሊነካው አልደፈረም። ጉድለቱን የሞላው በዋናነት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚገዛው ቦንድ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ መንግሥትን የተማመነ ድርጅት ለኪሳራው ብዙ አይጨነቅም። ጊቤ 2 ያለ ግልጽ ጨረታ ለኮንትራክተር ተሰጠ፤ ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ወር ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ በከፊል ተናደ። በሕዳሴው ግድብ ላይም የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ሜቴክ፣ የያዘው ሥራ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተነጠቀ።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት። የአገልግሎቱን ማኔጅመንት በዚያው ሰሞን የህንዱ ፓወር ግሪድ ኮርፖሬሽን በኮንትራት ያዘው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሥራው ወደ አገር ውስጥ ኃላፊዎች ተመለሰ። የውጭ አስተዳዳሪ መጥቶ ቢሄድም፣ ታሪፉንና ዋና ዋና ውሳኔዎችን የሚወስነው መንግሥት ያው ባለበት ነበር። ግንቦት 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ቴሌን፣ አየር መንገድን፣ የኃይል ማመንጫንና ሎጂስቲክስን በከፊል ለግል ባለሀብት ለመክፈት ወሰነ። ቴሌኮሙ ተወዳዳሪ ገባበት፤ የመብራቱ ቆጣሪ ግን ዛሬም የመንግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። አንድ ሌሊት አራስ ሕፃን በኦክስጅን ማሽን ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ነበረን፤ ናፍጣ ግን አልነበረም። ናፍጣ ለመግዛት የሚፈርመው ኃላፊ ለአራት ቀን ስብሰባ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሄዶ ነበር፤ ውክልናም አልሰጠም። እኔና ሁለት ነርሶች እየተፈራረቅን በእጅ ፓምፕ እስኪነጋ አነፈስንለት። ልጁ ተረፈ። የግድቡ ውኃ ማነስ የዝናብ ጉዳይ ነው፤ የናፍጣው ግን የፊርማ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

«ይሸጥ» የሚሉ ወዳጆቼ ዩጋንዳን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የዩጋንዳ ኤሌክትሪክ ቦርድ በ1999 የወጣውን ሕግ ተከትሎ በ2001 ለሦስት ተከፈለ። ማከፋፈሉን እ.ኤ.አ. ከማርች 2005 ጀምሮ ለ20 ዓመት ኡሜሜ የተባለ የግል ኩባንያ ያዘው፤ ቃሉ በስዋሂሊ «ኤሌክትሪክ» ማለት ነው። ውጤት አልጠፋም። በመንገድ ላይ የሚባክነውና የሚሰረቀው ኃይል ከ38 በመቶ ገደማ ወደ 17 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ ደንበኛው ከ300 ሺህ ገደማ ተነስቶ ከሁለት ሚሊዮን አለፈ።

ግን ፖለቲካው አልወጣም። በ2005 እና 2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጎድል በናፍጣ ማመንጨት ተጀመረ፤ ዋጋው ናረ፤ መንግሥት እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ድጎማ ሲከፍል ቆየ። በ2014 ፓርላማው ውሉ እንዲቋረጥ ጠየቀ፤ በኋላም ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ውሉ እንዳይታደስ አቋም ያዙ። በማርች 2025 መጨረሻ ሥራው ወደ መንግሥት ኩባንያ ተመለሰ። መንግሥት 118 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ፤ ኩባንያው «ገና ይቀረኛል» ብሎ ክርክር ገጠመ። የግል ማድረጉ ብክነቱን ቀነሰ፤ የዋጋውንና የውሉን ጣጣ ግን አላስቀረም።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ይህን ነው። መብራት ኃይል የማን ነው ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው፤ ተቆጣጣሪው ሚኒስትርንም ባለሀብትንም «አይሆንም» ማለት ይችላል ወይ? ሥራ አስኪያጁ የሚሾመውና የሚነሳው በምን ሚዛን ነው? ሒሳቡስ ተመርምሮ ለሕዝብ ይወጣል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ ቢሸጥ፣ የመንግሥት ጉድለት የነጋዴ ትርፍ ሆኖ ይቀጥላል። ሳይመለሱ በመንግሥት እጅ ቢቆይም ጉድለቱ ባለበት ይቆያል። ሆስፒታልም፣ ውኃና ፍሳሽም፣ ዩኒቨርሲቲያችንም ሳይቀር በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ።

ይህ የማኅበራችን ሥራ ሊሆን ይችላል። ከመሐላችን በመብራት ኃይል ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጡረተኞች አሉ፤ የቆቃንና የፊንጫን ዘመን በአካል ያውቃሉ። የታሪክና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል መምህራን ደግሞ ተማሪ አላቸው። የነዚህን ሰዎች ቃል በድምፅ ቀድቶ፣ የድሮ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ፈልጎ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሠራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ድርጅቱ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚወስኑት ሰዎች ያ ታሪክ ጠረጴዛቸው ላይ ሊኖር ይገባል። የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።