መርከብ የራቀው ወደብ

በምሥራቅ ለንደን የቴምዝ ወንዝ እንደ እባብ ተጠማዞ በሦስት ወገን የሚከበው መሬት አለ፤ «የውሾች ደሴት» ይሉታል። ስሙ ከየት እንደመጣ ዛሬም ያከራክራል። ትናንት የወደብ ወዛደር መንደር የነበረው ይህ ስፍራ ዛሬ የባንኮች መናኸሪያ ነው። ለውጡን ለመረዳት እኔም ከጎብኚዎች ጋር አስጎብኚ ተከትዬ በእግሬ ዞሬዋለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዞው የሚጀመረው በሰሜኑ ዳርቻ፣ ከሁለት አሮጌ የጡብ መጋዘኖች ፊት ነው። የዌስት ኢንዲያ ወደብ የተከፈተው በ1802 ነው። ከዚያ በፊት ከካሪቢያን የመጡ መርከቦች ወንዙ ላይ ተራ ሲጠብቁ ሳምንታት ያልፉ ነበር፤ በዚህ መሀል ሌባ ጭነቱን ይመዘብረዋል። ነጋዴዎቹ መላ መቱ። የብሱን አስቆፍረው ውኃውን አስገቡበት፤ ዙሪያውንም ስድስት ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ አጠሩት። ፓርላማውም ወደ ለንደን የሚገባው የካሪቢያን ምርት ለ21 ዓመት እዚህ እንዲራገፍ ደነገገላቸው።

የሚራገፈው ስኳር፣ ሩምና ቡና ነበር። አስጎብኚው «ቡና» ሲል ጆሮዬ ቆመ። ከእኛ ደን የወጣችው ፍሬ ዓለምን ዞራ እዚህ መጋዘን የገባችው በባሪያ እጅ ተለቅማ ነው።

ከወደቡ መሥራቾች ዋነኛው ሮበርት ሚሊጋን የሚባል ነጋዴ ነው። በ1809 ሲሞት በጃማይካ እርሻዎቹ ላይ 526 ባሪያዎች ነበሩት። በ1813 ሐውልት ቆመለት። በሰኔ 2020፣ የጆርጅ ፍሎይድ ግድያ ያስነሳው ቁጣ እንግሊዝ ሲደርስ፣ ሐውልቱ ከመጋዘኑ ደጅ ተነሣ። «ታሪክ ተፋቀ» ያሉ አልጠፉም። ለመሆኑ ሐውልቱ ቆሞ ሳለ የ526ቱን ታሪክ ለአላፊ አግዳሚው ማን ይነግር ነበር? የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ባርነትን በሕግ ሲሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የፈቀደው ለጌቶቹ ነው፤ ለባሪያዎቹ ቤሳ አልሰጠም። መጋዘኑ በ2003 ሙዚየም ሆነ፤ ስለ ስኳርና ስለ ባርነት መናገር የጀመረውም ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ ነው።

ጥቂት እልፍ ሲሉ ሌላ ታሪክ ይገጥማል። የወደቡ ወዛደር ማለዳ በር ላይ ተሰብስቦ፣ አለቃው በጣቱ እየጠቆመ ሲመርጥ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ነበር። የተመረጠ ለጥቂት ሰዓት ይሸከማል፤ ያልተመረጠ ጦሙን ያድራል። በነሐሴ 1889 ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው በሰዓት ስድስት ፔኒ ነበር። የአውስትራሊያ ሠራተኞች ሳይቀሩ ባሕር አቋርጦ የደረሰ ገንዘብ አዋጡላቸው፤ ከአንድ ወር በኋላም አሸነፉ።

ወደቡን የ1940ው የጀርመን ቦምብ አቃጠለው እንጂ አልገደለውም። የገደለው ኮንቴይነር ነው። መርከቦች ሲገዝፉ ጭነቱ ወደ ባሕሩ ወደሚቀርበው ወደ ቲልበሪ ሸሸ፤ መቶ ሰው የሚሸከመውን አንድ ክሬን አነሣው። ዌስት ኢንዲያ በ1980 ተዘጋ።

በ1981 መንግሥት አካባቢውን መልሶ የሚያለማ ድርጅት አቋቋመ፤ የከተማ ፕላን ሥልጣንም ከአካባቢው ምክር ቤቶች ወስዶ ሰጠው። ነዋሪው «ለእኛስ?» ማለቱ አልቀረም። በ1986 በአንድ ሥነ ሥርዓት ላይ ለተሰበሰቡት ባለሥልጣናት በግና ንብ ለቀቀባቸው። ግንባታው ግን ቀጠለ። በ1991 በካነሪ ዋርፍ 235 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ቆመ፤ በ1992 አሠሪው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1999 የምድር ባቡር ሲገባ ስፍራው ነፍስ ዘራ።

ዛሬ ገንዳዎቹ ውኃ እንደያዙ ናቸው፤ ጥቂት አሮጌ ክሬኖችም ለጌጥ ቆመዋል። ሥራ ሞልቷል፤ ነገር ግን ጆንያ ተሸክሞ ያረጀ ሰው በማግስቱ የባንክ ጸሐፊ አይሆንም። ልማት ደግ ነገር ነው፤ ፍርስራሽን ሕይወት ይዘራበታል። ይሁን እንጂ ክሬኑን ለመታሰቢያ ያቆየች ከተማ ከክሬኑ ሥር ለኖረው ሰው ምን አቆየች ብሎ መጠየቅ፣ ለንደንን ብቻ ሳይሆን አሮጌ ሰፈሯን አፍርሳ የምትሠራ ከተማን ሁሉ ይመለከታል።