የጋዝ ቁፋሮና የግል ጉድጓድ ውሃ፦ የፔንሲልቬንያ የሕግ ልምድ ሲፈተሽ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት በፍራኪንግ፣ ማለትም ጥልቅ አለትን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ የተፈጥሮ ጋዝ በማውጣት ሥራ፣ ዙሪያ በመጠጥ ውሃ ላይ የደረሰውን ጉዳትና ሕጉ የሰጠውን ምላሽ ነው። ዋና ዋና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጋዝ ወደ ውሃ ጉድጓድ የሚሾልከው በአብዛኛው ከጋዝ ጉድጓዱ የብረት ቱቦና ሲሚንቶ እንከን እንጂ ከጥልቁ አለት ስንጥቅ አይደለም። የፌዴራሉ የሕግ ክርክር ግን ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በስንጠቃው ላይ ነበር። የመጣጥፉ መከራከሪያ፣ ሕጉ በሚገባ የጠበቀው ተቋም የቆመለትን ውሃ እንደሆነና በግል ጉድጓድ የሚጠጣው ቤተሰብ ከጥበቃው ውጭ እንደቀረ ነው። ይህን ክፍተት በከፊልም ቢሆን የሞላው የማስረዳት ሸክሙን ወደ ኩባንያው የሚያዞር የሕግ ግምት ነው።

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ፣ በሰስኩሃና ካውንቲ በምትገኘው ዲሞክ በተባለች የገጠር መንደር የአንድ መኖሪያ ቤት የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። በጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው ሜቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) ሲቀጣጠል የኮንክሪት ክዳኑን ሰነጣጥቆ ገለበጠው። በሰዓቱ በቤቱ ሰው ስላልነበረ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በአካባቢው ካቦት ኦይል ኤንድ ጋዝ የተባለው ኩባንያ ማርሴለስ ሼል ወደሚባለው ጋዝ አዘል አለት እየቆፈረ ነበር። (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፍራኪንግ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንደኛው ወገን ለስንጠቃ የሚውለው ኬሚካል ከጥልቁ አለት ተነሥቶ ወደ መጠጥ ውሃ ይወጣል ይላል። ሌላው ወገን በመካከሉ ከኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው አለት ስላለ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸውን የተከሉት ከምድር በታች ነው። ይህ መጣጥፍ ግን ጥያቄውን ወደ ላይ ያወጣዋል፦ ውሃው ሲበላሽ ማን ምን የማስረዳት ግዴታ አለበት? ሕጉስ የጠበቀው የማንን ውሃ ነው?

2. ጋዝ ወደ ውሃ የሚደርስበት መንገድ

በዲሞክ አካባቢ ማርሴለስ ሼል የሚገኘው ከመሬት ወለል ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ነው። የቤት ውሃ ጉድጓድ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሜትር ብዙም አይርቅም። የጋዝ ቁፋሮው ወደ ታች ሲወርድ ውሃ አዘሉን ንጣፍ በስቶ ማለፉ የግድ ነው። በዚህ ቦታ ውሃውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የብረት ቱቦ፣ እንዲሁም በቱቦውና በአለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚሞላው ሲሚንቶ።

ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ቱቦው በጉድጓዱ መሀል ካልቆመና ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ በጠበበው በኩል ሲሚንቶው አይደርስም። የቁፋሮ ጭቃው ከአለቱ ግድግዳ ላይ በደንብ ካልታጠበ ሲሚንቶው ከአለቱ ጋር አይጣበቅም። ከማርሴለስ በላይ ባሉ መካከለኛ ንጣፎች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ ገና ያልጠጠረውን ሲሚንቶ ሰርስሮ ቀጭን መሿለኪያ ሊያበጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጋዙ በቱቦው ጎን እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል፤ የውሃውን ንጣፍ ሲያገኝ ይበተናል። ለዚህ ሁሉ ስንጠቃ የሚባለው ሥራ መጀመር እንኳ አያስፈልገውም፤ ቁፋሮው ብቻ በቂ ነው።

የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ለጋዝ ጉድጓድ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ የውሃ ጉድጓዶች የያዙት ሜቴን ከዚያ ራቅ ካሉት በአማካይ 17 እጥፍ ይበልጥ እንደነበር አስታወቁ። ለስንጠቃ የሚውለው ፈሳሽ ወደ ውሃው ስለመግባቱ ግን ማስረጃ አላገኙም። በ2014 ደግሞ ቶማስ ዳራና ባልደረቦቹ በፔንሲልቬንያና በቴክሳስ ከ133 የውሃ ጉድጓዶች ናሙና ወስደው፣ እንደ ሂሊየምና ኒዮን ያሉ ጋዞችን አሻራ በመከተል የሜቴኑን ምንጭ ፈለጉ። ብክለት በተገኘባቸው ስምንት ሥፍራዎች መንስኤ ሆኖ የተገኘው በአብዛኛው የሲሚንቶና የቱቦ እንከን ነበር፤ አንዱም ከጥልቁ ስንጥቅ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2015 ባወጣው ረቂቅ ሪፖርት በመጠጥ ውሃ ላይ የተስፋፋ ጉዳት የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ነበር። የራሱ የሳይንስ አማካሪ ቦርድ ይህ አባባል በቂ የአኃዝ ድጋፍ የለውም ብሎ ስለተቸው፣ በዲሴምበር 2016 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ዐረፍተ ነገሩን አስወጣ። በምትኩ ሥራው በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ እንደሚችል አረጋግጦ፣ የጉድጓድ እንከንን፣ የፈሳሽ መፍሰስንና የፍሳሽ አወጋገድን በምክንያትነት ዘረዘረ።

3. የፌዴራሉ ሕግ ክፍተት

የ1974ቱ የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ ለመጠጥ ውሃ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ይሰጣል። አንደኛው ከቧንቧ የሚወጣው ውሃ የጥራት ደረጃ እንዲያሟላ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ የሚመለከተው ቢያንስ 15 መስመር ወይም 25 ተጠቃሚ ያለውን የሕዝብ ውሃ አቅርቦት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወደ ከርሰ ምድር ፈሳሽ ማስገባትን በፈቃድ ይገድባል። በግል ጉድጓድ የሚጠጣ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ጥበቃ ውጭ ስለሆነ፣ ተስፋው በሁለተኛው ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ፍራኪንግ በዚህ ሁለተኛ ክፍል ይታቀፋል ወይስ አይታቀፍም የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት የደረሰው በአላባማ የድንጋይ ከሰል ጋዝ ሳቢያ ነው። በ1997 የአሥራ አንደኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስንጠቃው ወደ ከርሰ ምድር ፈሳሽ ማስገባት ነውና ሕጉ ይመለከተዋል ሲል ወሰነ። ውሳኔው ስምንት ዓመት ብቻ ቆየ። ኤጀንሲው በ2004 በከሰል ጋዝ ላይ ባወጣው ጥናት አደጋው አነስተኛ ነው አለ፤ በኦገስት 2005 የጸደቀው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግም ፍራኪንግን ከፈሳሽ ማስገባት ትርጉም ውስጥ አስወጣ። ከዚህ የተረፈው ናፍጣ መጠቀም ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን በተግባር አልተከበረም፦ የምክር ቤት አባላት በ2011 ይፋ ባደረጉት ምርመራ፣ ከ2005 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ኩባንያዎች በ19 ግዛቶች ናፍጣ ወይም ናፍጣ ያለበትን ከ32 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ፈሳሽ ያለ ፈቃድ መጠቀማቸው ታወቀ።

ተቺዎች ይህን የ2005 ድንጋጌ የችግሩ ሁሉ ሥር አድርገው ይወስዱታል። በእኔ እይታ ግን ድንጋጌው ባይኖርም የዲሞክ ጉድጓድ ከመፈንዳት አይድንም ነበር። የፈሰሰው ጋዝ እንጂ በግፊት የገባ ፈሳሽ አልነበረምና። ድንጋጌው የከፋ ጉዳት ያደረሰው በሌላ በኩል ነው፤ የፌዴራሉን መንግሥት ከጉድጓዱ አፍ አርቆ ጉዳዩን ለየግዛቶቹ ተወው። ፔንሲልቬንያ ደግሞ የግል የውሃ ጉድጓድ አሠራርንም ሆነ ጥራትን የማይቆጣጠር ግዛት ነው።

4. ዲሞክና የማስረዳት ሸክም

በተራው የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው ጉዳቱንም መንስኤውንም ያስረዳል። የጉድጓድ ባለቤት ይህን ለማድረግ ከቁፋሮው በፊት ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት አለበት፤ ሜቴን መለካትን ማንም ቤተሰብ አስቦት አያውቅም። የፔንሲልቬንያ የ1984 የነዳጅና ጋዝ ሕግ ለዚህ መላ አበጅቶ ነበር። ከጋዝ ጉድጓድ በ1,000 ጫማ ክልል ውስጥ ያለ ውሃ በስድስት ወር ውስጥ ከተበከለ፣ ተጠያቂው ቆፋሪው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ኩባንያው ይህን ግምት ለማፍረስ የሚችልበት ዋናው መንገድ ውሃው አስቀድሞ የተበከለ መሆኑን ከቁፋሮ በፊት በተደረገ ምርመራ ማሳየት ነው።

ከፍንዳታው በኋላ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ካቦት ለጋዙ መፍሰስ ተጠያቂ ነው ብሎ በኖቬምበር 2009 የስምምነት ትእዛዝ አስፈረመው። ኩባንያው ሜቴኑ ከጥንትም በአካባቢው የነበረ ነው እያለ መከራከሩን አላቆመም። በ2010 መሥሪያ ቤቱ 11.8 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ የውሃ መስመር ለመዘርጋት አቅዶ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ እቅዱን ትቶ ኩባንያው ለ19 ቤተሰቦች 4.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍልና የውሃ ማጣሪያ እንዲገጥም ተስማማ። በኖቬምበር 2011 ካቦት በመኪና የሚያመላልሰውን ውሃ አቆመ። በጃንዋሪ 2012 የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለአራት ቤቶች ውሃ ማደል ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም ብሎ ወጣ። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ በ2020 የወንጀል ክስ መሠረተ፤ ኮቴራ የሚል ስም የያዘው ይኸው ኩባንያ በኖቬምበር 2022 በአንድ ቀላል የወንጀል ክስ ላይ ሳይከራከር ቀረ። 16.29 ሚሊዮን ዶላር ለውሃ መስመር ለማዋልና የነዋሪዎቹን የውሃ ሂሳብ ለ75 ዓመት ለመክፈልም ተስማማ።

ነዋሪዎቹ በ2010 የተነፈጉትን መስመር ለማግኘት ቃል የተገባላቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። መፍትሔ ተብሎ የቀረበውም ከሕዝብ ውሃ አቅርቦት ጋር መገናኘት ነው። የ1974ቱ ሕግ ሙሉ ጥበቃ ሊደርሳቸው የሚችለው የጉድጓድ ባለቤትነታቸውን ትተው የቧንቧ ደንበኛ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

5. የሕግ ግምቱ የወለደው መረጃ

የካቦት ክርክር እንዲሁ የሚጣል አልነበረም። ሜቴን በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ሸለቆዎች ከቁፋሮ በፊትም እንደነበረ ሊካድ አይችልም። ከኩባንያው ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት በሰስኩሃና ካውንቲ የተወሰዱ 1,701 የውሃ ናሙናዎችን መርምረው፣ የሜቴኑ መጠን ይበልጥ የሚዛመደው ከመልክዓ ምድሩ ጋር ነው ብለዋል። የዱክ ጥናት በጥቂት ደርዘን ናሙናዎች ላይ ሲያርፍ የእነሱ ከሺህ በላይ በሆኑት ላይ ማረፉ ሊታለፍ አይገባም። ይህን ያህል ናሙና ከየት መጣ? ኩባንያዎች ከመቆፈራቸው በፊት የጎረቤትን ውሃ የሚያስመረምሩት ከሕጉ ግምት ራሳቸውን ለመከላከል ነው። ተጠያቂነትን ያዞረው ድንጋጌ ሳይንሱ የሚሠራበትን መረጃም ወለደ ማለት ነው። ይሁንና መረጃው በመጀመሪያ የሚሰበሰበው በተከሳሹ እጅና በተከሳሹ ገንዘብ ነው።

ግዛቱ በ2012 ያወጣው አክት 13 የተባለው ሕግ የግምቱን ክልል ወደ 2,500 ጫማ (762 ሜትር ገደማ)፣ ጊዜውንም ወደ 12 ወር አሰፋ። የቤቱ ባለቤት ከቁፋሮ በፊት ለሚደረግ ምርመራ በሩን ከዘጋ ግምቱን ያጣል። ሕጉ ሌላም ገጽታ ነበረው፦ ፈሳሽ ሲፈስ የሕዝብ ውሃ አቅራቢዎች እንዲነገራቸው ሲያዝ፣ የግል ጉድጓድ ባለቤቶችን ሳይጠቅስ አለፈ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በሮቢንሰን ታውንሺፕ መዝገብ ይህን ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። የሕግ አውጪው ዓይን ወዴት ያዘነበለ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

6. የከተማው ውሃ ሲነካ

በ2008 መጸው በምዕራብ ፔንሲልቬንያ የሞኖንጋሂላ ወንዝ የጨው መጠን ከፍ አለ። የጋዝ ጉድጓድ ፍሳሽ፣ ጨውን ለማጣራት ባልተሠሩ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያዎች በኩል ወደ ወንዞች ይለቀቅ ነበር። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ብሮማይድ በውሃ ማከሚያ ጣቢያ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ለጤና የሚያሰጉ ውሑዶችን ይፈጥራል። በ2011 ግዛቱ ኩባንያዎቹ ሜይ 19 ላይ ይህን እንዲያቆሙ ጠየቀ፤ አብዛኞቹም አቆሙ። በ2016 የፌዴራሉ ኤጀንሲ ባወጣው ደንብ ልማዱን ከለከለ።

ኒው ዮርክም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ታሳያለች። በ2011 የቀረበው የግዛቱ ረቂቅ ፍራኪንግን ከፈቀደ በኋላ የኒው ዮርክና የሲራኪዩስ ከተሞች ውሃ የሚጠራቀምባቸውን ተፋሰሶች ከቁፋሮ አገለለ። ሙሉ ክልከላው የተነገረው በዲሴምበር 2014 ነው። ለሚሊዮኖች ውሃ የሚያቀርበው የደላዌር ወንዝ ተፋሰስ ኮሚሽንም በፌብሩዋሪ 2021 በተፋሰሱ ውስጥ ፍራኪንግን ከለከለ። በእነዚህ ሁሉ ሥፍራዎች ውሃው ጠበቃ ያለው፣ መሐንዲስ ያለው፣ በየቀኑ የሚለካ ውሃ ነው። ብክለቱም ወዲያው በመዝገብ ይሰፍራል፤ በዲሞክ ይህ ሁሉ አልነበረም።

7. ማጠቃለያ

ክልከላ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ከዚህ መጣጥፍ ወሰን ውጭ ነው። ቁፋሮ በሚፈቀድበት ቦታ ግን የፔንሲልቬንያ ልምድ ሦስት ነገሮችን ይመክራል። አንደኛ፣ ከቁፋሮ በፊት የሚደረገው የውሃ ምርመራ ወጪው በኩባንያው፣ ሥራው ግን በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይሁን፤ ውጤቱም የባለቤቱ ማንነት ተሰውሮ በይፋ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሕግ ግምቱ በ12 ወር አይገደብ። ሲሚንቶና ብረት በዓመታት ይደክማሉ፤ ጉድጓዱ ጋዝ እስከሰጠ ድረስ ግምቱም ሊጸና ይገባል። ሦስተኛ፣ ፔንሲልቬንያ በ2011 ባሻሻለችው ደንብ ኩባንያዎች የየጉድጓዱን ደኅንነት በየሦስት ወሩ እንዲፈትሹ አዛለች። የዚህ ፍተሻ ውጤት ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ጉድጓድ ላለው ቤተሰብም በቀጥታ መድረስ አለበት።

የ2005ቱ ድንጋጌ ቢሻር የፌዴራሉ መንግሥት ወደ ቁጥጥሩ ይመለሳል፤ ያ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ማሻሻያው በስንጠቃው ብቻ ከታጠረ የሲሚንቶውን እንከንም ሆነ የቤተሰቡን ጉድጓድ አይነካም። ሕግ አርቃቂዎች ሊያስቀድሙት የሚገባው የማስረዳት ሸክሙን ጉዳይ ነው፤ ዲሞክ አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀባት በዚህ ጥያቄ ላይ ነውና።