ደጋግሞ እየጠፋ የሚነሳ ኮምፒውተር፦ «ፎርማት» ከመደረጉ በፊት ምን መደረግ አለበት?

በወላይታ ዞን ከአረካ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ዱቦ፣ እንደ ሌሎቹ የዞኑ አነስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የብዙ ሰው ጉዳይ ማከማቻ ነው። አርሶ አደሩ ለወረዳ የሚያቀርበው ማመልከቻ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የማዳበሪያ ተረካቢዎች ዝርዝር፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ መጥሪያ ወረቀት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጠዋት ተከፍቶ የዊንዶውስን ምልክት ካሳየ በኋላ በራሱ ሲጠፋ፣ ተመልሶ ተነስቶ ደግሞ ሲጠፋ፣ የሚቆመው የባለቤቱ ሥራ ብቻ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ምክር ኮምፒውተሩን ሊያስነሳ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ የነበረውን ሰነድ አብሮ ይጠርጋል። ኮምፒውተሩ አልነሳም ማለት ግን ሰነዱ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባውም፦ በቅድሚያ መንስኤውን መለየት፣ ቀጥሎ ሰነዱን ማዳን፣ ከዚያም ማጽዳትና መጠገን፣ ፎርማት ማድረግ ደግሞ በመጨረሻ።

ቫይረስ ኮምፒውተርን ለምን ደጋግሞ ያስነሳል?

ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲያጋጥመው በራሱ ጠፍቶ እንዲነሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ቫይረሱ ለመነሻ የሚያስፈልጉ ፋይሎችን ካበላሸ ወይም በራሱ ፋይል ከተካቸው፣ ስህተቱ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ስለሚገኝ ዑደቱ ማብቂያ አይኖረውም። አንዳንድ ጊዜም ጸረ ቫይረሱ የተበከለውን የሲስተም ፋይል ሲሰርዝ ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን መሠረት አብሮ ያጣል። «ቫይረሱ ጸድቷል» ከተባለ በኋላም ችግሩ ሊቀጥል የሚችለው ስለዚህ ነው።

በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. መሰራጨት የጀመረው «ብላስተር» ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒንና ዊንዶውስ 2000ን የሚያጠቃው ይህ ተባይ ፕሮግራም በብዙ ኮምፒውተሮች ስክሪን ላይ የ60 ሰከንድ ቆጠራ እያሳየ ደጋግሞ ያጠፋቸው ነበር። በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. ደግሞ «ሳሰር» የተባለው በተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። ሁለቱም ተጠቃሚው ምንም ፋይል ሳይከፍት በኔትወርክ ብቻ የሚተላለፉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ብላስተር የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ማለትም ከሥርጭቱ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው።

ሁሉም ቫይረስ አይደለም

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን መነሳት ተስኗቸው አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸግረዋል። መንስኤው ቫይረስ አልነበረም፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው ስህተት ያለበት ማሻሻያ ነበር። መፍትሔውም ፎርማት አልነበረም። ባለሙያዎች ኮምፒውተሮቹን በ«ሴፍ ሞድ» አስነስተው የተበላሸውን አንድ ፋይል በመሰረዝ ወደ ሥራ መልሰዋቸዋል።

በአነስተኛ ከተሞች ደግሞ ከቫይረስ በፊት ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ሌሎች ምክንያቶች አሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ የዴስክቶፕ ኮምፒውተርን የኃይል ሳጥን ያዳክማል። በበጋ የሚገባው አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲደፍነው ኮምፒውተሩ ሞቆ ይጠፋል። ከቦታው የላላ ራም ወይም የደከመ የላፕቶፕ ቻርጀርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

ለመለየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ እንደ ሥሪቱ «ኤፍ 2»፣ «ኤፍ 10» ወይም «ዲሊት» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን «ባዮስ» ወደሚባለው ገጽ መግባትና ምንም ሳይነኩ 20 ደቂቃ ያህል መተው ይቻላል። በዚህ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ኮምፒውተሩ እዚያም ሆኖ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኃይል፣ ሙቀት ወይም ራም ያመራል። ባዮስ ላይ ጸንቶ ቆይቶ ዊንዶውስ ሲጀምር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ችግሩ በዊንዶውስ፣ በቫይረስ ወይም በሃርድ ዲስኩ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ዑደቱን ማስቆም

የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የተሰኩትን ፍላሾች፣ የኢንተርኔት ገመድና ሌሎች ተቀጥላዎች መንቀል ነው። ፍላሽ ተሰክቶ በመቅረቱ ብቻ ያልተነሳ ኮምፒውተርም ያጋጥማል። ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተጫነ ፕሮግራም ወይም የተሰካ እንግዳ ፍላሽ ካለ ማስታወስም ለጠጋኙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

በዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ «ኤፍ 8»ን ደጋግሞ መጫን የምርጫ ዝርዝር ያመጣል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ሲታይ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ማጥፋትና ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም የጥገናውን ገጽ ይከፍታል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» እና «ሪስታርት» የሚሉትን በቅደም ተከተል መምረጥ ያስፈልጋል። በሚመጣው ዝርዝር ላይ 4 ቁጥር ሴፍ ሞድን ያስነሳል፤ 9 ቁጥር ደግሞ ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያጋጥመው በራሱ እንዳይነሳ ይከለክላል። ያኔ ቀድሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋ የነበረው ሰማያዊ ገጽ ይቆማል፤ በላዩ ያለውን የስህተት ስም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

አንዳንድ ላፕቶፖች በዚህ ጊዜ 48 አኃዝ ያለው የ«ቢትሎከር» ቁልፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ያለ እርሱ ሰነዱን ማንበብ ስለማይቻል ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሰነዱን ማዳን

ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ከማናቸውም ጥገና በፊት አስፈላጊ ሰነዶችን ባዶ በሆነ ፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። መገልበጥ ያለባቸው የጽሑፍ ሰነዶች፣ ሠንጠረዦችና ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው። ስማቸው «ኢኤክስኢ» በሚል ቅጥያ የሚያበቃ የፕሮግራም ፋይሎች ቫይረሱን ይዘው ሊሻገሩ ስለሚችሉ አይገለበጡም።

በሴፍ ሞድም አልነሳ ካለ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው «ኡቡንቱ» የተባለውን በነጻ የሚገኝ ሲስተም በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ የታመመውን ኮምፒውተር በዚያ ማስነሳት ነው። ኡቡንቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ መሥራት ስለሚችል፣ «መጫን» የሚለውን ትቶ «መሞከር» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስም በዚህ ሲስተም ውስጥ አይነሳም። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ፣ የታደሰ ጸረ ቫይረስ ካለው ሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ሰነዱን መገልበጥ ነው። ይህ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩን ወደ አረካ ወይም ወደ ሶዶ ጥገና የሚልክ ሰውም «ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሰነዱ ይገልበጥ» ብሎ በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ ያልተነገረው ጠጋኝ በቀላሉ ፈጣኑን መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

ማጽዳትና መጠገን

ሰነዱ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ሥራ ያለ ጭንቀት ሊከናወን ይችላል። ቫይረስን ከተነሳው ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ማሳደድ አስቸጋሪ ነው፤ ከውጭ መፈተሽ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ከፍላሽ የሚነሱ በነጻ የሚገኙ ጸረ ቫይረሶች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። ዊንዶውስ መነሳት ከቻለ ደግሞ አብሮት ያለው «ዲፌንደር» ከዊንዶውስ ውጭ የሚካሄድ ፍተሻ አለው፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ከዚያ በጥገናው ገጽ ያለውን «ስታርትአፕ ሪፔር» መሞከር፣ ካልሠራም በ«ሲስተም ሪስቶር» ኮምፒውተሩን ችግሩ ወዳልነበረበት ቀን መመለስ ይቻላል። ሲስተም ሪስቶር በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ያነሳል እንጂ የግል ሰነዶችን አይነካም። እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ የዊንዶውስ 10 እና 11 «ሪሴት» የግል ፋይሎችን አስቀርቶ ሲስተሙን ብቻ የሚያድስ ምርጫ አለው። ሙሉ ፎርማት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከዚህ መንገድ የሚለይ አንድ ሁኔታ አለ። የሰነዶቹ ስም ተለውጦ፣ አልከፈት ብለው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከታየ የገባው ሰነድን በመቆለፍ የሚያግት ቫይረስ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተሰራጨው «ዋናክራይ» የዚህ ዓይነት ነበር። ገንዘብ መክፈል ሰነዱ ለመመለሱ ዋስትና አይሆንም። ለአንዳንዶቹ መክፈቻው ዘግይቶ ስለሚገኝ የተቆለፈውን ሰነድ ሳይሰርዙ ማቆየት ይመረጣል። በኢትዮጵያ ጎጂ ፕሮግራም ሆን ብሎ ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው።

ፍላሽ እና የእንሰት ቢላዋ

የወላይታ አርሶ አደር የእንሰት አጠውልግ በሽታን ጠንቅቆ ያውቃል። ባክቴሪያው ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው ዋና መንገዶች አንዱ በሁለቱም ላይ የሚያርፈው ቢላዋ ነው። የግብርና ባለሙያዎች የታመመውን ተክል ነቅሎ ከማስወገድ ባሻገር ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳትን የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ተክሉ ተነቅሎ ቢላዋው ካልጸዳ በሽታው ይመለሳል።

በኮፒ ቤት ውስጥ የቢላዋውን ሥራ የሚሠራው ፍላሽ ነው። ኮምፒውተሩ ታክሞ ያው ፍላሽ ሳይፈተሽ ከተሰካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በችግሩ ሰሞን የተሰኩ ፍላሾች በሙሉ በታደሰ ጸረ ቫይረስ መፈተሽ አለባቸው። በፍላሹ ውስጥ ያሉ ፎልደሮች ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ቢታዩ መክፈትም ሆነ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ ዋናዎቹ ፎልደሮች አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸዋል።

ቀሪው ጥንቃቄ የዘወትር ነው። ፈቃድ የሌለውን ፕሮግራም ለማንቃት የሚያገለግሉት «ክራክ» የሚባሉ ፋይሎች የታወቁ የቫይረስ መግቢያዎች በመሆናቸው መራቅ ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በእነዚህ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የተከፈቱ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎችም ከሌላ ጤነኛ መሣሪያ ላይ መለወጥ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ፣ የማይተካ ሰነድ በአንድ ቦታ ብቻ ሊቀመጥ አይገባውም። አስተዋይ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም። በሳምንት አንድ ጊዜ ሰነዶቹን በሌላ ዲስክ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ የሚያስቀምጥ ኮፒ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ቢታመምበት የሚያጣው ቢበዛ የአንድ ሳምንት ሥራ እንጂ የደንበኞቹን አደራ አይደለም።